የማይተነፍስ እብጠት

የትልቅ ሰው ታሪክ የፈለገ ሌላ መጽሐፍ ይግለጥ። ሲያስነጥሱ ጋዜጣ የሚዘግብላቸው፣ ቁመው ሳሉ ሐውልት የሚታሰብላቸው ሞልተዋል፤ አሞጋሽም አላጡ። እኔ የምጽፈው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ኖራ የመሰለ ነገር ለሰው ሲያጠጣ ስለኖረ አንድ የራጅ ባለሙያ ነው። ቅር የሚለው ካለ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ እንደ ደንቡ አይነበብለትም።

የመዝገብ ስሙን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍል ሰዎች ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ «ጋሽ ያዙት» ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የሚናገረው ይኸው ነውና፦ «በአፍዎ ያዙት… ያዙት… አሁን ዋጡት።» ቤቱ ሲገባ ልጁ ሾርባ ታቀርብለትና «አባዬ፣ ትይዘዋለህ ወይስ ትውጠዋለህ?» ትለዋለች። በግማሽ አፉ ይስቃል። ለሙሉው ሳቅ ጉልበት አይተርፈውም።

ሥራው እንዲህ ነው። መስኮት የሌለው ክፍል፣ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ በር፣ ሲነሳ እንደታመመ ሰው የሚያቃስት ማሽን። ታካሚው ሰሌዳ ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ባሪየም የሚባለውን ነጭ ፈሳሽ ይጠጣል። ጋሽ ያዙት ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ነጩ ነገር በምግብ ቧንቧው ውስጥ ሲወርድ በስክሪን ይመለከታል። ቧንቧው ጤነኛ ከሆነ ፈሳሹ እንደ ለስላሳ ጥብጣብ ይወርዳል። ካልሆነ ይሰነካከላል፣ ይቆማል፣ ይጠማዘዛል። የጨረር መከላከያው ሽርጥ ከባድ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሸከመው ወገቡ ለሽርጡ ተገዝቷል። እቃ ሲወድቅበት ለማንሳት መጀመሪያ ያስብበታል።

እንግዲህ ስለ መሥሪያ ቤቱ። ምስሉን የሚያነሳው ሰው ምድር ቤት ነው፤ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ሦስተኛ ፎቅ። በመካከላቸው ኮምፒውተርና ንቀት አለ። ሐኪሙ ጎበዝ ነው፤ ፈተና ወድቆ አያውቅም፤ ታካሚ አይቶም አያውቅም። ሠራተኛው «ዶክተር ይስማማል» ይለዋል። ሪፖርቱ ሁሉ የሚያልቀው «ከተጠረጠረው በሽታ ጋር ይስማማል» በሚል ነውና። ማዘዣው ላይ «ቁስለት?» ተብሎ ከመጣ ከቁስለት ጋር ይስማማል። «ጥበት?» ከተባለ ከጥበት ጋር። ጠያቂው የጠረጠረውን መላሹ ያገኝለታል፤ ጠያቂው ደስ ይለዋል፤ መላሹ ይከበራል፤ የማይስማማ ቢኖር ታካሚው ብቻ ነው፣ እሱም ጥቂት ከቆየ ዝም ይላል።

በዚህ ላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ መመሪያ አለ፣ ባለማኅተም፦ «ለአንድ ታካሚ አራት ምስል ብቻ፤ ሁሉም በቁም ይነሳ።» ያወጣው ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። ወረፋው ረዝሞ ሰው ኮሪደር ላይ ሲያድር መፍትሔ ፈልጉ ተባሉና ለሦስት ወር ተሰብስበው ያገኙት ይኸ ነው። ተጨማሪ ማሽን አላሉም፣ ተጨማሪ ሰው አላሉም። አራት ምስል፣ በቁም፣ ቀጥል! ወረፋው አጠረ። ኮሚቴው የምስጋና ወረቀት ተሰጠው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባልና ሚስት ተጣልተው ገቡ። በሩን ሲገፉም እየተጣሉ ነበር። ባልየው የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነው፤ ስድሳ የሚጠጋ፣ ሸሚዙ ትናንት የሌላ ሰው የነበረ እስኪመስል የሰፋበት።

«ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአፍንጫዬ ሥር!» ትላለች ሚስት።

«አፍንጫሽ አይደለች እንዴ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያር የምታውቀው? አንድ ቀን አልኮል ሸቶሻል?»

«ማስቲካ ስታኝክ ነዋ የኖርከው!»

«ማስቲካ የማኝከው ተማሪዎቼ ስለሚያስፈሩኝ ነው! አንቺ ዳገት ላይ ክላች ከሚረሳ ሰው ጋር ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

ጋሽ ያዙት ማዘዣውን ተቀበለ። «የታወቀ የምግብ ቧንቧ የደም ሥር እብጠት፤ ለክትትል» ይላል። ነገሩ ገባው። ከሁለት ወር በፊት ሰውየው ምግብ ያዘኝ ብሎ መጥቷል፤ ማዘዣው «የደም ሥር እብጠት?» ብሎ ጠይቋል፤ ዶክተር ይስማማል ተስማምቷል። የደም ሥር እንዲያ የሚያብጠው ብዙውን ጊዜ ጉበት ሲጎዳ ነው። ጉበት ተጎዳ ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ መጠጥ ነው የሚያስበው። ሰውየው ጠብታ ቀምሼ አላውቅም ቢል ማን ይስማው? ማሠልጠኛው «እስኪጣራ ድረስ» ብሎ ከመኪናው አውርዶታል። ሚስቱ ቁም ሣጥኑን፣ የጫማ ካርቶኑን፣ የመኪናውን የኋላ ኮፈን በርብራ ጠርሙስ አጣች፤ ማጣቷ ደግሞ የባሏን ተንኮል ጥልቀት አረጋገጠላት።

«ጉበቴን እኮ በአልትራሳውንድ አይተውታል፤ ደህና ነው» አለ አሠልጣኙ ለጋሽ ያዙት፣ ዳኛ ያገኘ መስሎት።

«ገና አልተጎዳም አሉ እንጂ ደህና ነው አላሉም» አለች ሚስት።

«በካሜራስ አይተዎታል?» ጋሽ ያዙት ጠየቀ።

«ባፌ አስገብተው አይተውኛል። ያበጠ ነገር አለ፤ ላዩ ግን ደህና ቆዳ ነው አሉ። የደም ሥር ከሆነ ይደማል ብለው ሳይነኩት ወጡ። እኔ ግን ጋሼ፣ ዳቦ አቆምኩ፣ ሩዝ አቆምኩ፣ አሁን ሾርባውም እየቆጠረ ነው የሚወርደው።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢ ልብ ይበል። «የደም ሥር ነው» የምትለዋ ቃል ወረቀት ላይ እስካለች ድረስ ከዚያ እብጠት ቁራሽ ናሙና የሚወስድ ሐኪም የለም። ናሙና ካልተወሰደ ሌላ ነገር መሆኑ አይታወቅም። ሌላ ነገር መሆኑ ካልታወቀ ሰውየው የደም ሥር ኪኒኑን እየዋጠ፣ እሱም እስኪያቅተው ድረስ፣ ከሚስቱ ጋር ስለማስቲካ እየተከራከረ ይሞታል። አንዲት ቃል በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከታለች።

ጋሽ ያዙት የድሮውን ምስል ከፈተ። አራት ምስል፣ በቁም። በነጩ መሐል እንደ ወይን ዘለላ የተደረደሩ ጉብታዎች። ጥግ ላይ ምስሉን ያነሳው ሰው ምልክት አለ። የራሱ ምልክት ነበር።

ምስሉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አየ፤ የዚያን ቀን የታካሚ ቁጥር አየ። ሠላሳ ስምንተኛ። ሰውየውን ቀና ብሎ ተመለከተው፤ ፊቱን ፈጽሞ አላስታወሰውም። ያን ቀን ስክሪኑን ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሲመለከት ነበር ማለት ነው። አራት ጊዜ ተጫነ፣ ቀጥል አለ፣ አለቀ።

«ይቁሙ» አለው። «በአፍዎ ያዙት… ዋጡት።»

አሁን ስክሪኑን አየ። ያበጠ የደም ሥር ደም የያዘ ከረጢት ነው፤ ከረጢት ደግሞ ጠባይ አለው። ሰው ሲተኛ ይሞላል፣ ሲቆም ይጎድላል፤ ሲያምጡ ይነፋል፣ ጉርሻ ሲያልፍበት ይጨፈለቃል። ይተነፍሳል ማለት ይቻላል። ይኸኛው ግን ነጩ ሲያልፍበት ንቅንቅ አላለም። ጫፉም እንደ ደም ሥር እየሳሳ የሚጠፋ አይደለም፤ እንደ አጥር ድንገት ይጀምርና ድንገት ያልቃል። ጋሽ ያዙት እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው፤ ተማሪ ሳለ ሽማግሌ አስተማሪው ከመሳቢያ አውጥቶ አሳይቶት ነበር። ከቧንቧው ሽፋን ሥር ሥሩን እየሾለከ የሚሰራጭ፣ የደም ሥር መስሎ የሚታይ ነቀርሳ። ብርቅ ነው። ብርቅ የሆነ ነገር ደግሞ ክፋቱ ማንም አለመጠበቁ ነው።

አራት ምስል ብቻ ነው የተፈቀደለት። አሰበ። አንዱን በቁም አነሳ። መመሪያውን ጥሶ ጠረጴዛውን አጋደመና ሁለተኛውን በጀርባ አስተኝቶ አነሳ። ሦስተኛውን «አየር በደንብ ይሳቡ» ብሎ፣ አራተኛውን «እንደ ድርቀት ያምጡ» ብሎ።

«ይኸ ደግሞ ምን የሚሉት ምርመራ ነው?» አለች ሚስት ከበሩ ሥር።

«የሚያስምጥ ነው እሜቴ። እዚያው ይቆዩ፣ ጨረር አለ።»

ምስሎቹን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ላከ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ደክሞዎታል እንዴ?» አለ ዶክተር ይስማማል።

«ደክሞኛል።»

«ያስታውቃል። አንዱን ምስል አራት ጊዜ ልከውልኛል።»

«አራት ምስል ነው ዶክተር።»

«አይኔ አለ እኮ! ቁርጥ አንድ ነው። ያው ጉብታ፣ ያው ቅርጽ፣ ያው ቦታ። ሦስቱን ሰርዤ በአንዱ እጽፋለሁ፤ ከበፊቱ ጋር ይስማማል።»

«እንዳይሰርዙት! መጣሁ።»

የሊፍቱ በር ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከመቆየቱ ብዛት ወረቀቱ ራሱ ጥገና ይፈልጋል። ጋሽ ያዙት ሦስት ፎቅ በእግሩ ወጣ። ሁለተኛው ላይ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ቆመ፤ አንዲት ነርስ «ጋሼ፣ ያዙት!» ብላው አለፈች። ትንፋሽ ቢተርፈው ይሰድባት ነበር።

የዶክተሩ ክፍል ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ሽቶ የሚሸት ነው። ወንበሩ ይሽከረከራል። ለእንግዳ ወንበር የለም፤ እንግዳ አይጠበቅማ።

«ተኝቶ ነው ያነሱት? መመሪያውን አያውቁም?»

«ግድግዳዬ ላይ ነው የተለጠፈው። አሁን ይህን ይዩልኝ።» ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፤ ዶክተሩ ስክሪኑ በመነካቱ ፊቱን ቋጠረ። «ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ እዚህኛው ላይ የት ነው?»

«እዚህ።»

«እዚህኛውስ?»

«…ወርዷል።»

«እዚህስ?»

«ሽቅብ ወጥቷል።» ወንበሩ መሽከርከሩን ተወ።

«ሰውየው ቆሟል፣ ተኝቷል፣ አየር ስቧል፣ አምጧል። ሆዱ ተንቀሳቅሷል፣ ሳንባው ተንቀሳቅሷል። ጉብታው ግን አንድ ምስል አራት ጊዜ የላክሁ እስኪመስልዎት ድረስ ንቅንቅ አላለም። ዶክተር፣ የደም ሥር እንዲህ ይደርቃል?»

ሐኪሙ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ቀጥሎ የተናገረው የፈሪ ቃል ነው፤ ነገር ግን ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም፤ ማፌዝ ብወድም ይቺን አልነጥቀውም።

«እኔ ናሙና ይወሰድ ብዬ ጽፌ የደም ሥር ሆኖ ቢገኝስ? ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ደሙ ፈስሶ ቢያልቅስ? ማን ነው የሚጠየቀው? ጋሽ ያዙት ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እና?»

«እና ወርደው በዓይንዎ ይዩታ። ሰውየው እታች ነው፣ አላስኬድኩትም። ምስል ነው እንጂ ሰው መች አዩ?» እንዲህ ብሎ ደነገጠ፤ ልጁ ብትሰማ «አባዬ ተናገረ» ብላ ጎረቤት ትጠራ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የመጀመሪያዎቹንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያኔም እንዲሁ ነበር መሰለኝ፤ አላየሁትም። ወይም አይቼ አልፌዋለሁ» አለ።

ዶክተር ይስማማል ወረደ። ምድር ቤቱ የት እንደሆነ በመንገድ አንድ ጊዜ ጠይቋል ይባላል፤ እሱ ግን ሐሰት ነው ይላል። ሽርጡን ከፊት ለኋላ አድርጎ ለበሰ፤ ጋሽ ያዙት እንደ ሕፃን አዙሮ አሰረለት።

«ዶክተር፣» አለች ሚስት፣ «እውነቱን ንገሩኝ፤ ይጠጣል አይደል?»

«እሱን ነው የምናየው እትዬ።»

«ባሪየም ነው አሁን የምጠጣው፣ እሱንም ቅጂልኝ!» አለ ባል።

ጠጣ። ቆመ፣ ተኛ፣ ተገለበጠ፣ ተነፈሰ፣ አማጠ። አሠልጣኙ ከሰሌዳው ላይ ሆኖ «ወደ ኋላም ልንዳ?» ሲል ማንም አልሳቀም። ከመስታወቱ ጀርባ ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ጨለማው ውስጥ ነጩ ነገር ሲወርድ አዩ። ደርሶ ጉብታዎቹ ላይ ተሰነካከለ፤ በጠርዛቸው ተንጠባጠበ። ጉብታዎቹ ግን እንደ ድንጋይ ዝም።

«ድገሙልኝ» አለ ዶክተሩ። ደገሙለት። «ድገሙልኝ።»

በዚያው ሳምንት ሲቲ ስካን ታዘዘ። በክንዱ የሚያደምቅ መድኃኒት ተሰጥቶት ሲነሳ፣ ደም ሥር ያለበት ሁሉ ፈካ፤ ያ እብጠት ብቻ አብሮ አልፈካም። የቧንቧው ግድግዳ ነበር የወፈረው። ዶክተር ይስማማል በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ «ከተጠረጠረው ጋር አይስማማም፤ ጥልቅ ናሙና ይወሰድ» ብሎ ጻፈ። የሚቆርጠው ሐኪም ደም ማቆሚያውን አጠገቡ አዘጋጅቶ ቆረጠ። ብዙ አልደማም። ውጤቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ፤ ሽማግሌው አስተማሪ ከመሳቢያ ያወጣው ያው ነገር።

ሲነገራቸው ጋሽ ያዙት አልነበረም። ነርሷ ነች ያወራችለት። ሚስት መጀመሪያ አልገባትም አሉ። «እንግዲያው አልጠጣም?» ብላ ጠየቀች። «አልጠጡም» አላት ሐኪሙ። ወደ ባሏ ዞራ ትከሻውን መታችው፤ እጇን ግን መልሳ አላነሳችውም። «ምነው ጠጥተህ በነበር! ምነው ሰክረህ በየቀኑ በጠርሙስ ባባረርኸኝ!» አለች። እሱም «አሁን ልጀምር?» አላት ይባላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ወርኃዊው ስብሰባ ላይ ዶክተር ይስማማል «በክፍላችን የተገኘ ብርቅ ግኝት» የሚል ገለጻ አደረገ። አራቱን ምስሎች አሳየ። «እነሆ እንዴት ጥንቃቄ እንዳደረግን ትመለከታላችሁ» አለ። ተጨበጨበለት። ጋሽ ያዙት እታች ሃያ ስድስተኛውን ታካሚ ያጠጣ ነበር። ኮሚቴው ተሰብስቦ መመሪያው ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ጨመረ፤ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ የሚወስነውን ሳይጽፍ ተበተነ። ለጋሽ ያዙት ደግሞ ደብዳቤ ደረሰው። ምስጋና እንዳይመስላችሁ። መመሪያው ከመሻሻሉ በፊት አስተኝቶ ስላነሳ፣ ወደፊት እንዲጠነቀቅ። አንብቦ አጠፈው፤ አጥፎም የሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጠው። ጠረጴዛው ቆመ። ደብዳቤ ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው።

አሠልጣኙ ለስድስት ሳምንት መድኃኒቱንና ጨረሩን ወሰደ። ጸጉሩ ሳሳ፤ ሸሚዙ ይበልጥ ሰፋ። ቀዶ ሐኪሙ «ከመክፈቴ በፊት እንደገና ሲውጥ ልየው» ብሎ ወደ ምድር ቤት ላከው። ሚስቱን ኮሪደር ላይ ትቶ ብቻውን ገባ፤ ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ሐኪሞቹ ነገሩኝ» አለ። «አንተ ባትኖር አሁንም የደም ሥር ኪኒን እየዋጥኩ ነበር። እግዜር ይስጥህ ልል ነው ቀድሜ የገባሁት። እሷም ልትስምህ ነው፣ ተዘጋጅ።»

ጋሽ ያዙት ባሪየሙን ያማስል ነበር። ማማሰሉን ቀጠለ። ከሚገባው በላይ አማሰለው። «ምንም አይደል» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ቢል ማንም አያውቅም። ለሐኪሙ የነገረው ለሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙም ስብሰባው ላይ ያችን ክፍል ዘሏታል።

«የመጀመሪያውን ጊዜም ያነሳሁህ እኔ ነኝ» አለ።

«የቱን?»

«ምግብ ያዘኝ ብለህ የመጣህ ጊዜ የተነሳኸውን። ያኔም እዚሁ ቆመህ ነበር። ያኔም አልተንቀሳቀሰም። ሠላሳ ስምንተኛ ነበርክ፤ ደክሞኝ ነበር፤ አላየሁህም። ሁለት ወሩን ያስበላሁህ እኔ ነኝ።»

ማሽኑ አቃሰተ። ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ለሌላ ታካሚ ባሏ በሕይወቱ ጠብታ እንዳልቀመሰ ስትምል ይሰማል።

«ሁለቱ ወር ለውጥ ያመጣ ነበር?» አለ አሠልጣኙ።

«አላውቅም። ትንሽ ሳለ ይደረስበት ነበር መሰለኝ።»

«ቀዶ ሐኪሙ ያወጣዋል ይላል።»

«ሊያወጣው ይችላል።»

«ይችላል ነው ወይስ ያወጣዋል?»

«ይችላል።»

አሠልጣኙ እጁን ዘርግቶ ብርጭቆውን ተቀበለ። ነጩን ነገር አየው፤ ገና ሳይጠጣ አፉ መረረው። ንዴቱ ፊቱ ላይ መጣ፣ ጉንጩን አንቀሳቀሰ፤ የሚያርፍበት አጥቶ እዚያው ቀረ።

«ልሰድብህ ነበር» አለ። «አቅም አነሰኝ። ካገገምኩ እመጣለሁ፣ ደህና አድርጌ እሰድብሃለሁ።»

«ና።»

«ለእሷ ግን እንዳትነግራት። አሁን ገና ነው ከእኔ ላይ የወረደችው።»

ተነስቶ ሰሌዳው ላይ ተደገፈ። ጋሽ ያዙት ወደ መስታወቱ ጀርባ አልሄደም፤ እዚያው አጠገቡ ቆሞ የሰውየው ትከሻ ትክክል መሆኑን በእጁ አስተካከለ፤ አገጩን ቀና አደረገለት፤ ፊቱንም ትኩር ብሎ አየው።